ለብ ያለ ውሃ

“የገና ታሪክ ጻፊልኝ” አለኝ አሳታሚው፣
ከአዲስ አበባ በስልክ፣ ነገር ሲያጣድፈው፤
“ፍቅር ይሁንበት፣ በረዶ ይውረድበት፣
እንደ ውጭ ፊልሞቹ ጥጥ ጥጥ የሚልበት፤
ልጁ በር ያንኳኳ፣ ትከሻው ነጭ ሆኖ፣
ልጅቷም ትክፈትለት፣ ልቧ በጉጉት ባክኖ።”

መሐል ሜዳ ሆኜ ብዕሬን አነሣሁ፣
ቀለሙ ቢደርቅብኝ በትንፋሼ አሞቅሁ፤
ሦስት ቀን በወረቀት በረዶ አፈሰስሁ።
በአራተኛው ለእትዬ ደብሪቱ አነበብሁላት፤
የበግ ጠጉር ስትፈትል እንዝርቷ ቆመባት፦
“ቆይ እስቲ፣ በረዶ ወርዶ ልጁ ምን ያስቀዋል?
ገብሱስ? ገብሱ ተኝቶ ሰው በምን ያገባል?”

እውነቷን ነው። እኛ ጋ በረዶ ሲመጣ
ቆርቆሮ ይደበድባል እንደ አበዳሪ ቁጣ፤
ባቄላውን ገርፎ፣ ገብሱን ሰባብሮ፣
ይሄዳል፣ የስንቱን ሠርግ ለከርሞ አዛውሮ።

የእኛው ነጭ ሌላ ነው፤ ስሙም አመዳይ፣
አይወርድም፣ አይዘንብም፣ ሲመጣ የማይታይ፤
ኮከቡ ሲበዛ፣ ሰማዩ ሲጠራ
ሌሊቱን አድሮ ነው ሥራውን የሚሠራ።
ሣሩ ከጫማ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል፣
የባልዲው ውሃ መስታወት ያበቅላል፤
ፀሐይ ጨረፍ ስታደርገው ይሄዳል ሳይሰናበት።
እንዲህ ባለ ነጭ ምን ፍቅር ይጻፍበት?

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ እንቅልፍ ቢከዳኝ፣
ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን እግሬ መናኸሪያ ጣለኝ።
የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ቆሟል፣
የፊት መስታወቱ በውርጭ ታውሯል፤
ሽብሩ ከመሪው ኋላ እጁ ላይ ይተነፍሳል።
ወርቅያንጥፉ መጣች፣ ትኬት ቆራጯ፣
ቢጫ ጀሪካን ይዛ፣ በርበሬ መስሎ ጉንጯ።
ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ፍል አይደለም ያውም፤
ፍል መስታወት ይሰነጥቃል፣ እሱን አትሻውም።

ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላ ታፈሳለች፣
ውርጩን እንደ መጋረጃ ትገልጠዋለች፤
መጀመሪያ ግንባሩ፣ ከዚያ ዐይኑ፣ ከዚያ አፍንጫው፤
ሽብሩ ይወለዳል፣ መስታወት ነው መውጫው።
“እንደምን አደርሽ” የለ፣ “እግዜር ይስጥሽ” የለ፣ እኔ እስከ ሰማሁኝ፤
የዝናብ መጥረጊያው ብቻ፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ።
አውቶቡሱ ይሄዳል ወደ ሞላሌ፣ ወደ ጣርማበር ጉም፤
እሷ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ትቀራለች። ምንም አትልም፣ ምንም።

ከዚያ ወዲያ መናኸሪያውን ልማዴ አደረግሁ፤
ዳቦ ልገዛ እላለሁ፣ ዳቦ ቤቱ አለመከፈቱን እያወቅሁ።
ሻይ ቤቱም ያውቃል፣ ሊስትሮውም ያውቃል፤
ሁለቱ ብቻ ናቸው ያልሰሙ ይመስላል።

የገና ዕለት፣ ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ጉዞ የለ፤
አውቶቡሱ ቆሟል፣ ውርጩን ተከናንቦ እንዳለ።
ማን ይሄዳል ዛሬ? ከየጣሪያው ጭሱ፣
ልጆች ገና ሳይነጋ ለዱላ ሲተራመሱ።
እሷ ግን መጣች፣ የቅዳሴ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣
ጀሪካኑን እንደ አራስ ልጅ በጉያዋ እንዳቀፈች።

አፈሰሰች። ቀስ ብላ። መጋረጃው ወረደ።
ከኋላው ማን ይኖራል ብዬ ጉልበቴ ራደ።
አለ። ግንባሩ፣ ዐይኑ። ጢሙን ተላጭቶ።
የሚሄድበት የለም፤ መሪውን ጨብጦ ይዟል፣ ፈርቶ።

“ዛሬ መንገድ የለም” አለችው። “ዐውቃለሁ” አላት።
“ታዲያ ምን ትሠራለህ?”
                    “አንቺስ?” ብሎ መለሰላት።

“በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ብላ እትዬ ደብሪቱ ከኋላዬ ሳቀች፤
“ይኸን ጻፊ እንጂ! እዚህስ ላይ ገብሱም አልተኛ” አለች።

ጻፍሁ። አሳታሚው አንብቦ ደወለ፤ “በረዶው የታለ?” አለኝ።
“ቀለጠ” አልሁት።
እስከ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቆየልኝ።